በቢጫው ሌንስ የታየችው

ባለቤቴ ደምሴ ፎቶ አንሺ ነበር። እኔ ፊልም አጣቢና ሪታች አድራጊ ነበርኩ። ከሲኒማ ራስ ወደ ሰባተኛ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረችው ስቱዲዮአችን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ በጨለማው ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ደንበኛ የሚያውቀው እሱን ነው። የደንበኛን ፊት ጠንቅቃ የምታውቀው ግን እኔ ነበርኩ። በምላጭ ጫፍና በቀጭን ብሩሽ የስንቱን ጠባሳ፣ የስንቱን ማድያት አንስቻለሁ። ሰው ፎቶውን ሲቀበል አምሮብኛል ብሎ ይሄዳል እንጂ ማን እንዳሳመረው አይጠይቅም። እኔም እንዲጠየቅ አልፈልግም ነበር።

የቤቱ ሥርዓትም የእኔ ነበር። ደምሴ ግድ የለሽ ነው፤ የተነሳውን ሁሉ ቁጥር የምሰጠው፣ ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። በቤታችን ቁጥር የሌለው ፊልም የለም እል ነበር። እኮራበትም ነበር።

ደምሴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ድንገት ነው የወደቀው፤ ደም ግፊት እንዳለበትም አናውቅም ነበር። በሞተ በዓመቱ ግድም አንዲት የወሎ ሴት ወደ ቤቴ መጣች። ሰዓዳ እባላለሁ አለች፤ ጭድ ተራ ሰሌንና ገመድ ትሸጣለች። ሐያት የምትባል አንድ ልጇ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳ እዚያው ሞታለች። ሬሳዋም አልመጣም። ለፓስፖርት የተነሳቻቸው ፎቶዎች ከወረቀቷ ጋር ሄደዋል፤ ያነሷት ልጆችም ከኮምፒውተራቸው አጥፍተውታል። ነገር ግን ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ጋሼ ደምሴ በመንገድ ሲያያት ጠርቶ፣ እንዲያው ለመንገድሽ ብሎ፣ በአሮጌው ካሜራ አንስቷት ነበር አለችኝ። ያንን ፎቶ ነበር የምትፈልገው። ሌላ የልጇ መልክ በእጇ የለም።

ደረሰኝ አላት? የላትም። መዝገቡን አየሁ፤ የለም። መለስኳት። በሁለተኛው ወር ተመልሳ መጣች፤ መለስኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቆጣ አልኩ። ያለ ቁጥር ፊልም በቤታችን የለም አልኳት። ቆማ ስታየኝ ጊዜ፣ እንድትሄድልኝ ብዬ፣ "ካለ የደምሴ አጥንት ይፋረደኝ" አልኩ። በሟች አጥንት የማለ ሰው በእኛ ዘንድ አይጠረጠርም። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ዳግም አልመጣችም።

ያን ጊዜ የደምሴን የካሜራ ቦርሳ ከፍቼ አላየሁም ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ልብሱን እንኳ ያወጣሁት በሦስተኛው ዓመት ነው።

ቦርሳውን ያስከፈተኝ ሙራድ ነው። ሙራድ ሲኒማ ራስ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ሥር አሮጌ ካሜራና ሌንስ የሚነግድ፣ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚጠጋው የስልጤ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ከክረምት በኋላ ስለ ደምሴ ሌንስ ሰምቶ መጣ። ቦርሳውን አውርጄ ከነአቧራው ሰጠሁት። ሌንሱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ዓይኑ በራ።

ከኪሱ ደግሞ ሌላ ሌንስ አወጣ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ስም፣ አንድ መጠን። እሱ ግን አንድ በአንድ አሳየኝ። የእኛው መጀመሪያ የተሠራው ነው፤ የእሱ ከዓመታት በኋላ የወጣው ሁለተኛው ስሪት። ብርሃን የሚከፍቱና የሚዘጉ ስስ ብረቶች በእኛው ውስጥ ስምንት ናቸው፤ በእሱ ስድስት። ቁጥሮቹ ላይ የተቀባው ቀለምም ይለያያል። ትልቁ ልዩነት ግን መስታወቱ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው የእሱ ንጹሕ ውሃ ነው፤ የእኛው ቀጭን ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ ይመስላል።

በመጀመሪያው ስሪት መስታወት ውስጥ የሆነ ነገር ቀላቅለውበታል፤ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል አለኝ። ፀሐይ ላይ ጥቂት ሳምንት ቢሰጣ ይለቀዋል። ሊገዛ የፈለገው የውጭ አገር ሰው ግን እንዳለ ነው የፈለገው፤ ደግሞም በቃል አያምንም። ሁለቱም ሌንሶች በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በፊልም የተነሱ ፎቶዎች ካላየሁ ብሏል።

"ፊልም ከየት ላምጣ እትዬ ጽጌ? መርካቶ ውስጥ ሰው እንኳ ይገኛል፣ ፊልም ግን የለም" አለና ሳቀ።

ቦርሳው ውስጥ አንድ የጥቁርና ነጭ ፊልም ሮል ነበር። ደምሴ ፊልም በትልቁ ገዝቶ፣ እየቆረጠ በአሮጌ ሮሎች ውስጥ የሚጠቀልል ሰው ነበር፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ፎቶ የሚወጣው። ከሮሉ ብቅ የምትለውን ጫፍ ምላስ እንላታለን። ምላሷ ወጥታለች፤ እንግዲያው አልተነካም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ጫፏ ታጥፋ ነበር። ቦርሳው ተጭኗት ነው ብዬ በመቀስ ቆረጥኳትና ካሜራው ውስጥ ከተትኩት። ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ አልኩት። ደምሴ ዕድሜውን ሙሉ የእኔ ሌንስ ከኋለኞቹ ይበልጣል ይል ነበርና፣ እውነት መሆኑን ማየት ፈልጌ ነበር።

ከስቱዲዮው የቀረችኝን የደንበኛ ወንበር፣ ባለ ሞላላ መደገፊያዋን፣ ከክፍሌ ግድግዳ ፊት አስቀመጥን። ግድግዳዬ ሰማያዊ ነው፤ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ወንበሯ ላይ ምንም አላስቀመጥንም፤ የመደገፊያዋ ቅርጽ ለማወዳደር ይበቃል አለ ሙራድ። ጎዶሎ ቁጥሮቹን በእኛው ሌንስ፣ ሙሉ ቁጥሮቹን በእሱ አነሳሁ። አሥራ ሁለት ፎቶ። እያንዳንዷን በደብተር ጻፍኩ።

ማጠቢያ ዱቄቱን ሙራድ ከአንድ ወዳጁ አምጥቶ ነበር። በዕቃ ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግቼ አጠብኩት፤ እጄ አልረሳም። አጥቤ ስጨርስ ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኩት። ሙራድ በስልኩ እያነሳ፣ ኔጋቲቩን ወደ ትክክለኛው ምስል እየገለበጠ ማየት ጀመረ። እኔ እጄን እየታጠብኩ ነበር። መጀመሪያ ስለ መስታወቶቹ ብዙ ያወራ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ። ዞር አልኩ።

"እትዬ ጽጌ፣ ወንበሩ ላይ ማን ነበር?"

"ማንም አልነበረም። አብረን ነበርንኮ።"

ስልኩን ሰጠኝ። ቁጥር አምስት ነበር። ሰማያዊው ግድግዳ ጠቁሯል። ወንበሯ አለች። ወንበሯ ላይ፣ በትክክል ወንበሯ ላይም ሳይሆን አንድ እጅ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ፣ ባዶው ላይ የተቀመጠች ነጭ ሻሽ ያሰረች ልጅ አለች። የመደገፊያው እንጨት በትከሻዋ ውስጥ ያልፋል። ወደ ካሜራው አታይም፤ ካሜራው አጠገብ የቆመ ሰው ያለ ይመስል ወደዚያ ታያለች።

ቁጥር ስድስትን አየን። ወንበርና ነጣ ያለ ግድግዳ ብቻ። ቁጥር ሰባት ላይ ልጅቷ አለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ስምንት፣ ባዶ። ሙራድ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ደጋግሞ አየ።

"በእርስዎ ሌንስ ብቻ ነው የምትታየው" አለ ቀስ ብሎ። "በእኔ የለችም።"

ነጋዴ ነው፤ ሊቀልድ ሞከረ። ጋሼ ደምሴ ሌንሴን አልሸጥም እያሉ ይሆናል አለ። አልሳቅኩም፤ እሱም አልሳቀም። የእኛን ሌንስ ከእጁ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ በአፉ ውስጥ አዑዙ ቢላህ አለ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። የራሱን ሌንስ እንኳ ረስቶ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቀን ነው፤ ከውጭ የጫኝና አውራጅ ድምፅ፣ የረዳቶች ጥሪ ይሰማል። እኔ ግን ወደ ክፍሌ መግባት አቃተኝ። ገብቼም ዓይኔ ያረፈው ወንበሯ ላይ ሳይሆን ከወንበሯ አንድ እጅ ፈቀቅ ብሎ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። በዚያ በኩል አላለፍኩም፤ ግድግዳውን ተከትዬ ዞሬ ወደ አልጋዬ ሄድኩ። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ መናፍስትን የምፈራ አይደለሁም። ያን ቀን ግን ወንበሯን አንስቼ በረንዳ ላይ አስወጣኋት።

በማግስቱ ጠዋት አጉሊ መነጽሬን ይዤ ኔጋቲቩን በመስኮት ብርሃን አንድ በአንድ አየሁ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ነው፤ ዓይኔ ሲደክም እንኳ ኔጋቲቭ ማንበብ ያውቃል። በቁጥር ሦስት ጥግ ላይ ደብዛዛ ነገር አየሁ። የአበባ ጥለት ያለው መጋረጃ ነው። ያንን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የስቱዲዮው በር ላይ ነበር የተሰቀለው፤ ሕንፃው ሲፈርስ አብሮ ሄዷል።

ያን ጊዜ የታጠፈችው ጫፍ ትዝ አለችኝ። ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። ቆርጬ የጣልኳት ምላስ እዚያው ነበረች። እጥፋቷን ዘረጋሁ። በምስማር የተጫረ ቁጥር አለባት፦ ሰባት።

ይህ የደምሴ ሥርዓት ነበር። ፊልም ጀምሮ ካልጨረሰው እንዳይባክን መልሶ ይጠቀልለዋል፤ ምላሷን ያጥፋታል፤ ስንት እንዳነሳበት ይጭርባታል። ሌላ ፎቶ አንሺ ያንን ሮል ቢያገኝ ምንም አይገባውም። እኔ ግን አውቀው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን ምልክት በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። ከላዩም ደግሜ አነሳሁበት።

ሌንሶቹ ለምን እንደተለያዩም ያኔ ገባኝ። ቢጫ መስታወት ሰማያዊውን ይበላል፤ ደምሴም ሰማይ ሲያነሳ ቢጫ ማጣሪያ የሚያደርገው ለዚህ ነበር። በእኛ ሌንስ ግድግዳዬ ፊልሙ ላይ ብዙ ብርሃን ስላላሳረፈ ከሥር ያለችውን ልጅ አልሸፈናትም። በሙራድ ንጹሕ ሌንስ ግን ግድግዳው በሙሉ ብርሃኑ መጥቶ ደመሰሳት። ስድስተኛዋ ላይ ምናልባት እየሳቀች ነበር። አላውቅም።

ማን እንደሆነች አላጣሁትም። ሐያትን በሕይወቷ አይቻት አላውቅም፤ ነገር ግን ከወንበሯ እግር ሥር አዲስ ባለ ጎማ ሻንጣ አለ። ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ሁሉ የምትገዛው ዓይነት።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እውነቱን እጽፋለሁ ካልኩ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ሙራድ ያየው ጥላ ነው፤ ለማንም ቢነግር ማንም አያምነውም። ሰዓዳ ተስፋ ከቆረጠች አሥር ዓመት ሆኗታል። ፊልሟን ምድጃ ውስጥ ብጨምራት መሐላዬ እንዳለ ይቆያል፤ ሥርዓት አዋቂዋ ጽጌም እንዳለሁ እቆያለሁ። ክብሪቱን በእጄ ይዤ ነበር። የዚያች ልጅ መልክ በዓለም ላይ ያለው እዚህች ጣት በምታህል ፊልም ላይ ብቻ መሆኑ ነው እጄን የያዘኝ።

በሦስተኛው ቀን ማጉያ መሣሪያውን ከሣጥኑ አወጣሁ። ከደምሴ የማተሚያ ወረቀቶች ውስጥ ያልተበላሹት ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዷ ለሙከራ ሄደች። በሁለተኛዋ ቁጥር አምስትን አተምኩ። ልጅቷ ከውሃው ውስጥ ቀስ እያለች መጣች፤ መጀመሪያ ሻሿ፣ ከዚያ ዓይኖቿ። የግድግዳዬ ስንጥቆች ፊቷ ላይ ወጥተው ነበር፤ አንዱ አገጯ ላይ፣ አንዱ ከቀኝ ቅንድቧ በላይ። ሲደርቅ ምላጬን አወጣሁ። ሁለቱንም አነሳኋቸው። ጥሩ ሥራ ነበር። ለእናት የሚሰጥ ፎቶ ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ ነው።

ጭድ ተራ ሄጄ ጠየቅኩ። ቦታው ተለዋውጧል፤ ሰዓዳ ግን አለች፤ ከአንድ መጋዘን ጎን ሰሌኖቿን አቁማ ተቀምጣለች። አርጅታለች። ወዲያው አወቀችኝ፤ አልተነሳችም። አጠገቧ ጥቅል ገመድ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የታጠፈችውን ምላስ፣ መቀሱን፣ የደምሴን አጥንት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ስለ መሐላው ምን እንደማደርግ ጠየቅኳት።

"እሱንስ ከሳቸው ጋር ይጨርሱ" አለችኝ። "እኔን ልጄን ያሳዩኝ።"

ፎቶውን ከፖስታው አውጥቼ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ መለሰችው።

"ትመስላታለች" አለች።

"ራሷ ናት።"

"እህት ብትኖራት ኖሮ እህቷ ናት እል ነበር።" ጣቷን ከቀኝ ቅንድብ በላይ አኖረች። "እዚህ የነበረው የት ሄደ?"

የግድግዳ ስንጥቅ መስሎኝ በምላጭ አነሳሁት አልኳት። ወደ ፎቶው አቀረቀረች። ቀና ስትል ፊቷ አልተቆጣም፤ እኔ ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

"ጠባሳውን ያወጣሁባት እኔ ነኝ" አለች። "ሰሌን ስቆርጥ ከኋላዬ መጥታ። የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቢላዋው በዚህ እጄ ነበር።" እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ከዚያ ጠቀለለቻት። "ይመልሱልኝ።"

ፎቶውን እሷ ጋ ትቼ ተነሳሁ። አንድ ወረቀት ቀርቶኝ ነበር፤ ቢበላሽ ሌላ የለም። ቤቴ ሄጄ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ተዘጋሁና አተምኩት። ደምሴ ከሞተ ጀምሮ ጸልዬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ወረቀቷ ውሃው ውስጥ ሳለች የምለውን አልኩ። ወጣች። ስንጥቁም፣ ጠባሳውም፣ በትከሻዋ የሚያልፈው እንጨትም እንዳሉ። ምላጩን ከሣጥኑ አላወጣሁም።

በማግስቱ ወሰድኩላት። ገና ከሩቅ ስታየው እጇ ወደ አፏ ሄደ። ከዚያ ጣቷን አገጩ ላይ አድርጋ "ይሄ የእርስዎ ግድግዳ ነው" አለች። ወደ ቅንድቡ ወሰደችው። "ይሄ የእኔ ነው።" ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ልሄድ ስነሳ ጠራችኝ። የመጀመሪያውን፣ ንጹሑን ፎቶ ከሰሌኖቹ መሃል አውጥታ ሰጠችኝ። ይያዙት፣ እሱም የእርስዎ ነው አልኳት።

"አይ፣ እትዬ" አለች። "ይቺን ለእናቷ ይስጧት።"

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ዓመት አልሞላውም። ሙራድ ሌንሱን ሊወስድ ሲመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እፎይ አለ፤ ወዲያውም ንግዱ ትዝ አለው። ገዢው ሐሳቡን ቀይሯል፣ ቢጫው እንዲለቅ ፀሐይ ላይ እናውጣው አለኝ። የእኔ አይሸጥም አልኩት። የትኛው ስሪት ይበልጣል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ የሙራድ ይበልጣል፤ ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣል። ደምሴ ተሳስቷል። ግን ጥርት ያለው ነው ልጅቷን የደመሰሳት።

አሁንም ጎረቤቶቼ የተቀደደ፣ የደበዘዘ የወላጆቻቸውን ፎቶ እንድጠግን ያመጡልኛል። ድሮ ዝም ብዬ እቀበል ነበር። አሁን ያመጣውን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ፊቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በጣቴ እየነካሁ ይህ የማነው እላለሁ። ብዙዎቹ ይሰለቻሉ። አንዳንዶቹ ግን ያለቅሳሉ። መሐላም ትቻለሁ፤ በማንም አጥንት፣ በምንም ነገር። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን በሰባ ሁለት ዓመቴ ነው ያወቅኩት።

ንጹሑ ፎቶ እኔ ጋ አለ። ልቀድደው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ግንባሯ ላይ ምንም የሌለባት፣ ማንም ያልወለዳት፣ እኔ በምላጭ የሠራኋት ልጅ ናት። ኮሞዲኖው ላይ አቁሜአታለሁ። ጠዋት ስነሳ ወደ እኔ አታይም፤ ከእኔ ጎን ወዳለው ቦታ ታያለች። እስካሁን ማንም መጥቶ አልጠየቃትም።